ከነቤተሰብዎ

የደሴ ሰርግ በጀት ሦስት ጊዜ ይጸድቃል፤ በአቦል፣ በቶና እና በበረካ። በአቦሉ አባት ይናገራሉ፤ ቀለል ያለ ሰርግ፣ 150 ሰው፣ ግቢ ውስጥ የእድሩ ድንኳን። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። በቶናው አክስት ጣልቃ ይገባሉ፤ «የነእትዬ እንትናን ሰርግ አይታችኋል? ሙሽራዋ የተቀመጠችበት ወንበር ብቻ…» ወንበሩ ምን እንደነበረ አይጨርሱትም፤ መጨረስም አያስፈልግም። በረካው ሲቀዳ አዳራሽ ተይዟል፣ ዲኮር ተመርጧል፣ 150ው ሰው 400 ገብቷል። ጎረቤት ሲኒውን እያስቀመጠ «አብሽሩ፣ አይጎድልም» ይላል። አብሽሩ ያለ ሰው ከፍሎ አያውቅም።

ቀጥሎ ጥሪ ካርዱ ነው። ከተጠሪው ስም አጠገብ «ከነቤተሰብዎ» የምትል ቃል ትገባለች፤ ማተሚያ ቤቱ ለእሷ ተጨማሪ አያስከፍልም፤ ሂሳቡ የሚመጣው ኋላ ነው። 200 ካርድ የበተነ ሰው 200 እንግዳ የጠራ ይመስለዋል። አንዱ ካርድ ባል፣ ሚስትና አንድ ልጅ ይዞ ከመጣ 600 ነው፤ ከገጠር የመጣችው የእህት ልጅ ገና አልተቆጠረችም። ለነገሩ ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው፤ ከተማውም ስሙን እንደ መመሪያ ይዞታል። ልዩነቱ ንጉሡ ግብር የሚያበሉት ግብር ከሚያስገባ አገር ላይ ነበር። የሙሽራው አባት ያላቸው እቁብ ነው፤ እሱም ዕጣው አልወጣላቸውም።

ቀን መቁረጥም ገንዘብ ነው። ዐቢይ ጾም በጣም በሚቀድምበት ዓመት የካቲት 1 ይገባል፤ ከቃና ዘገሊላ በኋላ ለሰርገኛ የሚተርፉት እሑዶች ጥር 16፣ 23 እና 30 ብቻ ናቸው። በሌላ በኩል ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ይመጣና ከኢድ ማግስት የኒካሁ ወረፋ ይጀምራል። ሁለቱ ወረፋዎች በተገጣጠሙበት ዓመት ድንኳን አከራዩን ያየህ! ሁለቱንም አቆጣጠር በቃሉ የሚያውቅ ሊቅ ነው። «ለሰርግ ነው» ስትለው ወንበሩም፣ አበባውም፣ ጄኔሬተሩም ማዕረግ ይጨምራሉ። ቀብድ ከመክፈል በፊት ዲኮሩ የወንበር ጨርቅ ይጨምር እንደሆነ፣ ወይስ መድረኩ ብቻ እንደሆነ፣ መብራት ቢጠፋ ናፍጣ የሚሞላው ማን እንደሆነ አስጽፎ መፈረም ነው። በቃል የተነገረው ሁሉ እሑድ ጠዋት «እሱማ ለብቻው ነው» ይሆናል።

ከወጪው ሁሉ ግን አንድ ወጪ ላይ ማንም አይከራከርም፤ ባይከራከርም ደግ ነው። ደሴ ላይ ሰርግ ሁለት ማጀት አለው፤ የክርስቲያኑና የእስላሙ። ሁለት በሬ፣ ሁለት አራጅ፣ ሁለት ወጥ ሠሪ፣ ሁለት ጣጣ። ቤቱ የክርስቲያን ከሆነ ቢስሚላህ ብለው የሚያርዱት ጎረቤት ናቸው፤ ቤቱ የእስላም ከሆነ በስመ አብ የሚለው ሌላው ጎረቤት ነው፤ ከበሬው የቁም ክብደት ግማሽ ያህሉ ሥጋ ከነአጥንቱ ይወጣል ብሎ የሚያሰላው ግን ዘወትር ያው የሰፈሩ ሉካንዳ ነው። አደጋው ያለው ጭልፋው ላይ ነው። ከቀትር በኋላ ሰው ሲበዛ አንዷ አስተናጋጅ «አንዴ ብቻ» ብላ የዚህን ድስት ጭልፋ እዚያኛው ውስጥ ትነክራለች፤ በዚያች ቅጽበት ለ200 ሰው የተሠራ ቀይ ወጥ የሚበላው ሰው ያጣል። ስለዚህ የሚያውቁቱ ሁለቱን ማጀት በአንድ ድንኳን ሥር አያደርጉም፤ የአንዱን ማጀት ጭልፋና ቢላ እጀታ በቀይ ክር ያስራሉ፤ ድስቶቹንም ከሁለት የተለያየ እድር ይዋሳሉ።

እንጀራው ሌላ ሂሳብ ነው። ለ400 ሰው ሁለት ሁለት ብንል 800፤ ከ1 ኪሎ ዱቄት እንደ ጋጋሪዋ እጅ 3 ወይም 4 ይወጣል፤ ከ200 እስከ 270 ኪሎ መሆኑ ነው። ምክር የሚሰጡት ግን የኮምቦልቻ ዘመዶች ናቸው። «ሐሙስ አቡኩት፣ ቅዳሜ ጋግሩ» ይላሉ። ኮምቦልቻ ቆላ ቀመስ ነች፤ ሊጡ ቶሎ ይነሳል። ደሴ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ብርድ፣ ሊጡም እንደ ሰው ጋቢ ይፈልጋል፤ አንድ ቀን ካልጨመሩለት ቅዳሜ የሚወጣው ዓይን የሌለው አፍለኛ ነው።

ከዚያ ደግሞ ፎቶ አለ። እጅጌ የሌለው ቬሎ ለደሴ ጉም አልተሰፋምና አጀቡ በሐረጎ ጠመዝማዛ 25 ኪሎ ሜትር ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። የመኪናው ኪራይ በሰዓት ነው፤ እሱን ሁሉም ያውቀዋል። የማይታየው ወጪ አዳራሽ ውስጥ ያለው ነው። ምግብ ሙሽሮች ሳይገቡ አይከፈትም፤ የራበው እንግዳ መጠጥ ያዝዛል። 300 ሰው አንድ አንድ ጠርሙስ ቢጨምር፣ ቢራም ይሁን ለስላሳ፣ ባለ 24 ሣጥኑ 12 ተኩል ነው። ሙሽሮቹ ቢራ ፋብሪካ ወዳላት ከተማ በወረዱ ቁጥር ቢራው ወደ ደሴ ይወጣል።

ቡፌው ሲከፈት ሥጋው መጀመሪያ ላይ ከተደረደረ የመጀመሪያዎቹ 50 ሰዎች ጦሳን ሳህን ላይ ይሠራሉ፤ የመጨረሻዎቹ ሰላጣ ይዘው ይመረቃሉ። ሩዙና ጎመኑ ከፊት፣ ሥጋው ከመጨረሻ፤ ጭልፋውንም ዘመድ ላልሆነ፣ ፊቱ ላልተፈታ ሰው መስጠት ነው። አጎት ጭልፋ ከያዘ ቁርጥራጩ በዝምድና ይታደላል።

ሰኞ ጠዋት የባዶ ጠርሙስ ቆጠራ ነው። አከፋፋዩ መያዣውን የሚመልሰው በሣጥኑ ልክ ነው፤ 31 ጠርሙስ ጎድሏል። 4ቱ ከዲጄው ስፒከር ኋላ፣ 9ኙ ከድንኳኑ ምሰሶ ሥር ተገኙ፤ 6ቱ ጎረቤት ቤት ዘይት ተሞልቶባቸዋል፣ ደፍሮ የሚጠይቅ ግን የለም። አባት የቀሩትን በእስክሪብቶ እያሰሉ ሳለ ጀበናው ተጣደ፤ የቅልቅሉ ጉዳይ አለ። አክስትም ደርሰዋል። አባት «ቀለል ያለች ነገር፣ እኛው ለእኛው» ብለው ጀምረዋል፤ ገና አቦሉ ነው።