አዲስ ገዝተው የሚያስረጁ ሰዎች

ጎረቤቴ ጡረታ የወጣ አይሪሽ ነው። ለሦስት ዓመት ያህል ወሬያችን ከዝናብ አልዘለለም። «ዛሬም ዘነበ» ይላል፤ «ምን ይደረግ» እላለሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም በራችንን ዘግተን እንገባለን። አንድ ቅዳሜ ግን ልጄን አየት አደረገና «ባቡር ይወዳል?» አለኝ። የስምንት ዓመት ልጅ ነው፤ የማይወደው ምን አለ? «እንግዲያው ነገ የባቡር ኤግዚቢሽን አለን፤ ይዘኸው ና።»

እኔ የመሰለኝ እውነተኛ ባቡር ነው። በከሰል የሚሄድ፣ ጢሱ የሚትጎለጎል። ልጁን በጃኬት ጠቅልዬ፣ ጃንጥላ ይዤ ሄድኩ። አድራሻው የወሰደን አንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ነው። ሲገባ ጠረጴዛ ብቻ። ጠረጴዛዎቹ ላይ መንደር አለ፣ ድልድይ አለ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በመሃላቸው ከፍታው ከአውራ ጣቴ የማይበልጥ ባቡር ይሄዳል። ከጠረጴዛው ጀርባ ሽበታም ሽማግሌዎች መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው ቆመዋል።

«ይሄ ሁሉ አዛውንት እቃቃ ይጫወታል?» አልኩ በሆዴ።

መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ሰውዬ አዲስ ፉርጎ ከካርቶኑ አወጣ። የሚያብረቀርቅ፣ ሽታው እንኳ ያለቀቀው። ዋጋውን ጠየቅኩት፤ ምነው ባልጠየቅኩ። ቀጭን ብሩሽ አነሳና ፉርጎውን በዝገት ቀለም ይቀባው ጀመር። ቀጥሎ ጥቁር። ቀጥሎ ጭቃ የመሰለ ነገር እታች ጎማው አካባቢ። በጨርቅ ጠረግ ያደርግና ራቅ አድርጎ ያየዋል፤ አልቆሸሸለትም፤ ደግሞ ይጨምራል።

እኔ ያደግኩት የቴሌቪዥን ሪሞት በላስቲክ ተጠቅልሎ በሚያረጅበት ቤት ነው። ሶፋችን ላስቲኩ ሳይነሳ አሥር ዓመት ኖሯል፤ በሙቀት ቀን ተነስተህ ስትሄድ ቆዳህ ተላጦ የሚቀር ይመስልሃል። ደብሊንም መጥተን አልተውነውም። አሮጌውን አዲስ ለማስመሰል ነው ዕድሜያችንን የምንለፋው። ይሄ ሰው አዲሱን በገዛ ገንዘቡ ያስረጃል!

ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት። «እውነተኛው ንጹሕ አልነበረማ» አለኝ። ፉርጎው ድሮ ቢት የሚጭን ነው። ቢት ከእኛ ቀይ ሥር ጋር ዘመዳም ነው፤ እኛ ወንጂ ላይ ስኳርን ከሸንኮራ እንደምናወጣው እነሱ ከዚህ ሥር ያወጡ ነበር። በመከር ወቅት ከዌክስፎርድ አካባቢ ተጭኖ ማሎው ወደሚባል ከተማ ፋብሪካ ይሄዳል። ከነጭቃው፣ በዝናብ። ፉርጎዎቹ ራሳቸው የድሃ ብልሃት ናቸው። የአንዱን አሮጌ ፉርጎ ገላ በሌላው ላይ ደርበው በይደው ነው ከፍ ያደረጓቸው። በ2006 የስኳር ሥራው ሲቆም ባቡሩም አብሮ ቀረ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ሰውዬው ልጅ ሳለ ያ ባቡር በቤታቸው ጓሮ ያልፍ ነበር። የሚቀባው ጭቃ የሚያውቀው ጭቃ ነው።

ከዚያ በኋላ አዳራሹን በሌላ ዓይን ዞርኩት። አየርላንድ በ1920 ገደማ 5,600 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ነበራት። ከግማሽ በላዩ ተነቅሏል። ጠረጴዛዎቹ ላይ ካየኋቸው ጣቢያዎች ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። የዶኒጎል ጠባብ መስመር የተዘጋው በ1959 የመጨረሻ ቀን ነው፤ አንዱ ጠረጴዛ ላይ ግን ቀይ ባቡሩ አሁንም ይመላለሳል። የደብሊኑ የሃርኮርት ስትሪት መስመር በ1958 መጨረሻ ተዘጋ። በ2004 የከተማ ቀላል ባቡር፣ ሉአስ የሚሉት፣ በዚያው መንገድ ላይ ተመልሶ መጣ። እኔ በየቀኑ ሥራ የምሄድበት እሱ ነው! የተነቀለ ሐዲድ ላይ ተቀምጬ ስልኬን እያየሁ ስመላለስ ኖሬያለሁ።

ሻይ ሰዓት ላይ ጭቅጭቅ ተነሳ። ጭቅጭቁ ስለ አራት ሚሊ ሜትር ተኩል ነው። ነገሩ ወዲህ ነው። የአየርላንድ ሐዲድ ስፋቱ ለብቻው ነው፤ 1,600 ሚሊ ሜትር። እንግሊዞቹና አብዛኛው ዓለም 1,435 ነው የሚጠቀመው። ድሮ ሦስት ኩባንያዎች በሦስት የተለያየ ስፋት ጀመሩ። መንግሥት ዳኛ ላከ፤ ዳኛው የሦስቱንም ያልሆነ አራተኛ ቁጥር ፈረደ። ለሁሉም እኩል ቅር የሚያሰኝ ፍርድ፤ ሽማግሌ ሲያስታርቅ አንዳንዴ እንደሚያደርገው። ያ ፍርድ ዛሬም የሞዴል ሠሪዎቹን እንቅልፍ ይነሳል። በእነሱ መጠን፣ ማለትም እውነተኛውን 76 ጊዜ አሳንሰው ሲሠሩ፣ ትክክለኛው ሐዲድ 21 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ሱቅ የሚሸጠው ግን 16.5 ነው። አንዱ ወገን «ከሱቁ ገዝተህ ባቡርህን ንዳ፣ ማን ይለካል?» ይላል። ሌላው ወገን ሐዲዱን በእጁ፣ በስታኞ እየበየደ፣ በ21 ይሠራል። እሱ ይለካል።

ለረጅም ጊዜ አብዛኛውን በእጅ ነበር የሚሠሩት። ገበያው ትንሽ ነውና ማን ብሎ የአይሪሽ ባቡር ያመርትላቸዋል? የእንግሊዝ ሞዴል ገዝቶ በብርቱካንማና ጥቁር መቀባት የተለመደ ነበር። አሁን መርፊ ሞዴልስ እና አይሪሽ ሬልዌይ ሞዴልስ የሚባሉ የአገር ቤት ስሞች መጥተው ነገሩን አቅለውታል። አንድ ሽማግሌ 201 የተባለውን ሎኮሞቲቭ አሳየኝ። እውነተኛው የካናዳ ሥራ ነው፤ የመጀመሪያው በ1994 ደብሊን የገባው በአንቶኖቭ አውሮፕላን ተጭኖ ነው። ከ100 ቶን በላይ! ይህን ሲነግረኝ የልጁን ሰርግ የሚያወራ ነበር የሚመስለው።

በዚህ መሃል ልጄን ረስቼዋለሁ። ዘወር ስል መቆጣጠሪያው እጁ ላይ ነው። «አትንካ!» ልል አፌን ከፈትኩ። የእኛ ቤት ቡፌ ውስጥ እስከዛሬ ቡና ያልተጠጣባቸው ሲኒዎች አሉ፤ ከእነሱ ጋር ያደገ ሰው ሌላ ምን ይላል? ሽማግሌው ግን በእጁ ምልክት ዝም አሰኘኝ። ልጁ ፍጥነት ጨመረ፤ ኩርባው ላይ ሦስት ፉርጎ ተገለበጠ። ሽማግሌው ሳቀ። ወረንጦ አምጥቶ ለልጁ ሰጠውና «በል አንተው መልሰው» አለው። ጎማውን ሐዲዱ ላይ እስኪያስገባ ድረስ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ቆመ።

እኔ በልጅነቴ ድሬዳዋ ከሰርዲን ጣሳና ከቆርኪ መኪና እሠራ ነበር። መሪው ረጅም ሽቦ ነው፤ ፍሬንም ነበረው ብል ማን ያምነኛል? አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ «አንተ አሁን ትልቅ ሰው አይደለህ?» ተባልኩ። አለቀ። ከዚያ ወዲህ ፎርም ላይ «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» የሚለው ጋ ስደርስ «ማንበብና ሙዚቃ ማዳመጥ» እላለሁ፤ የማውቀው ሐበሻ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። ሁለት ሥራ ለሚሠራ ሰው ትርፍ ጊዜ ማለት አውቶቡስ ውስጥ የሚያንቀላፋባት ናት።

ፈረንጅን ላሞግስ አይደለም። ይሄ ጎረቤቴ ሦስት ዓመት ስለ ዝናብ ብቻ ያወራኝ ሰው ነው። የእኛ ሰው ቢሆን በሁለተኛው ቀን ቡና ጠርቶኝ፣ በሦስተኛው የእናቴን ስም ያውቅ ነበር። አይሪሾቹ ወንዶች ግን መሃላቸው አንድ ዕቃ ካልተቀመጠ ወሬ አይወጣቸውም። ባቡሩን እያዩ፣ አንዱ የሌላውን ፊት ሳያይ፣ ስለ ሞተች ሚስቱ ያወራል። በጆሮዬ ሰማሁት። «ይሄ ፉርጎ እሷ በታመመች ክረምት የሠራሁት ነው» አለ፤ ጓደኛው «ጎማው ጥሩ ነው» አለው። ይኸው ነው ማጽናናቱ። የእኛ ወንዶች ተሰብስበን መሃል የምናስቀምጠው ፖለቲካን ነው። እሱ ደግሞ ከሐዲድ ሲወጣ በወረንጦ አይመለስም።

ልንወጣ ስንል ጎረቤቴ ጠየቀኝ። «የአገርህ ባቡር ስንት ስፋት ነው?»

የድሬ ልጅ ነኝ። ከተማዬ ራሷ በ1902 ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። ሽመንደፈር እያልኩ ነው ያደግኩት። አጎቴ ጥገናው ቤት ሠርተው ነው ጡረታ የወጡት። ስፋቱን ግን አላውቅም። «እጠይቅልሃለሁ» አልኩት፤ ጆሮዬ እየጋለ።

ማታ ደወልኩ። «ጋሼ፣ የባቡሩ ሐዲድ ስፋት ስንት ነበር?»

«አንድ ሜትር። ምነው፣ ልትገዛው ነው?»

አዳራሹን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙና «አቦ! ደመወዝ ይከፈላቸዋል?» አሉ።

«ኧረ ከኪሳቸው ነው የሚያወጡት።»

መስመሩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ዝም አሉ። ከዚያ ጀመሩ። ሃምሳ ደቂቃ። ከሐዲዱ ሥር የሚጋደመው ብረት መሆኑን፣ እንጨት ቢሆን ምስጥ እንደሚጨርሰው። ኤረር ላይ የሚሸጠውን ብርቱካን። አዋሽ ሲደረስ ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወርድ። በ1917 አዲስ አበባ ስለገባው ባቡር ከአባታቸው የሰሙትን። እኔ አጎቴን ሙሉ ዕድሜዬን የማውቃቸው ይመስለኝ ነበር። ለካ ጠይቄያቸው አላውቅም፤ ገንዘብ ደረሰ ወይ፣ ጤናዎት እንዴት ነው፣ ደህና ይሁኑ። የእኛም ወሬ ለካ ከዝናቡ ብዙም አይሻል። ጥገናው ቤት ዛሬም አሮጌዎቹ ሎኮሞቲቮች ቆመዋል፤ ዝገታቸው ቀለም አይደለም። በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር የሚሄደው በ1,435 ነውና አሮጌው ፉርጎ በአዲሱ ሐዲድ መንገድ የለውም። እዚያ ቆመው ያሉትን የለካቸው ሰው ይኑር አይኑር እንጃ።

በማግስቱ ለጎረቤቴ «አንድ ሜትር» አልኩት። ደስ አለው። «ስዊሶቹም ተራራቸው ላይ አንድ ሜትር ነው! 87 ጊዜ ሲያንስ 12 ሚሊ፤ ሐዲዱ ተሠርቶ ይሸጣል።» የባቡሩን ነገር ለአፄ ምኒልክ የያዘላቸው አልፍሬድ ኢልግ ስዊስ መሆኑን ነገርኩት። ይህን እንኳ የማውቀው ማታ አጎቴ ነግረውኝ ነው። እሱም ዕዳ ያለበት ይመስል በሚቀጥለው እሁድ ማላሃይድ ወሰደን። እዚያ ሲሪል ፍራይ የተባለ የኢንችኮር ባቡር ፋብሪካ ሠራተኛ በእጁ የሠራቸው ሞዴሎች አሉ። ሰውዬው በ1972 አረፈ፤ ሥራዎቹ ከ2020 ጀምሮ የሣር ክዳን ባለው አንድ ውብ ቤት ውስጥ ለሕዝብ ይታያሉ። አጎቴ ፎቶውን ሲያዩ «የእኛ ዓይነት ሠራተኛ ነው?» ብለው ሁለቴ ጠየቁኝ።

አሁን የጎረቤቴ ጓዳ ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ኮምፔንሳቶ ላይ አሸዋ ተነጥፏል። 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ተዘርግቷል። ግራር በሽቦና በስፖንጅ ተሠርቷል፤ መሬቱ ላይ ቀለም የተነከረ ሰጋቱራ ተበትኗል። አጎቴ በየጠዋቱ የድምፅ መልእክት ይልካሉ፤ እኔ አስተረጉማለሁ። ግራሩ በጣም አረንጓዴ ሆኗል፣ ክረምት አስመሰላችሁት። ሰዎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ በዚያ ፀሐይ ማን ቀጥ ብሎ ይቆማል? ጥላ ሥር አስቀምጧቸው።

ትናንት የመጣው ስለ በጎቹ ነው። ጎረቤቴ ነጫጭ በጎች በፓኬት ገዝቶ ሐዲዱ ዳር አሰማርቷል። «አቦ፣ እነዚህ የደብረ ብርሃን በጎች ናቸው። የኛ አገር በግ ራሱ ጥቁር፣ ገላው ነጭ ነው። በላቸው።»

ነገርኩት። ጎረቤቴ መነጽሩን ወደ አፍንጫው አወረደ፤ ጥቁር ቀለም ከፈተ፤ ሁለት ቀጭን ብሩሽ አወጣና አንዱን ለልጄ ሰጠው። አሥራ ሁለት በግ ነው። ልጄ ምላሱን ወደ ውጭ አውጥቶ ሰባተኛው ላይ ደርሷል።