እባክዎ መጽሔቱን አያንብቡ

ምዕራብ ለንደን ውስጥ ያሉትን የግል ጥርስ ሐኪም ቤቶች ታውቋቸዋላችሁ። የመጠበቂያ ክፍሉ ጠረጴዛ መስታወት ነው። መሃሉ ላይ ነጭ አበባ አለ። ግራና ቀኙ ላይ የሚያብረቀርቁ ወፋፍራም መጽሔቶች ተደርድረዋል። ባለፈው ሳምንት አንዱን አንስቼ ገና ገለጥ ገለጥ ሳደርግ እንግዳ ተቀባይዋ መጣች። ፈገግ ብላ ከእጄ ተቀበለችኝና ቦታው መለሰችው። ጠርዙን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካከለች። «ይቅርታ፣ እነዚህ ለዕይታ ናቸው» አለችኝ። ማንበብ ካማረኝ ስለ ድድ በሽታ የሚያስረዳ በራሪ ወረቀት ነበር።

ደሜ ፈልቶ ነበር። ግን ልጅቷ ምን አጠፋች? የአገሩን ሥርዓት ነው ያስከበረችው። ስለዚህ ዛሬ የመጣሁት ላመሰግን ነው። የቅንጦት መጽሔት መርጠው ጠረጴዛቸው ላይ የሚያስቀምጡ፣ አስቀምጠውም የማያነቡ ወገኖች እስከ ዛሬ ተገቢውን ክብር አላገኙም።

እንግሊዝ አገር ሀብታም መሆን ቀላል ነው። ገንዘብ ካለህ ሆንክ። ከባዱ ምን ዓይነት ሀብታም እንደሆንክ ማስታወቅ ነው። የወረስክ ነህ ወይስ የሠራህ? ገጠር ርስት አለህ ወይስ ባንክ ቤት ቦነስ? ይህን እንግዳ ፊት አፍ አውጥቶ መናገር ነውር ነው። መጽሔቱ ግን ሳይጠየቅ ይናገርልሃል። አንተ ሻይ ትቀዳለህ፤ እሱ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ያወራል።

ነገሩ የትናንት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1709 ሪቻርድ ስቲል የሚባል ሰው ለንደን ውስጥ ታትለር የሚል ጋዜጣ ጀመረ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ)። በሳምንት ሦስት ቀን ይወጣ ነበር። ወሬውን የሚከፋፍለው በቡና ቤት ነው። የፍቅርና የፈንጠዝያ ወሬ ከዋይትስ ቸኮሌት ቤት፣ ግጥም ከዊልስ ቡና ቤት፣ የውጭ አገር ዜና ከሴንት ጄምስ ቡና ቤት። ቡና እየጠጡ ሰው ማማት የኛ ብቻ ይመስለን ነበር። የአሁኑ ታትለር በ1901 የተቋቋመ ሌላ መጽሔት ነው፤ የጥንቱን ስም ነው የወረሰው። እዚያ ሰፈር ስም መውረስ ራሱ ሙያ ነው።

ካንትሪ ላይፍ የሚባለው የገጠር ኑሮ መጽሔት የመጣው በ1897 ነው። መሥራቹ ኤድዋርድ ሃድሰን የገጠር ቤቶችን ፎቶ ሲያሳትም ቆይቶ አላስቻለውም፤ ሰሜን እንግሊዝ ባሕር ዳር ላይ ያለውን የሊንዲስፋርን ግንብ ለራሱ ገዛ። የራሱን መጽሔት ያመነ ሰው እሱ ነው። መጽሔቱ እስከ ዛሬ ሲከፈት መጀመሪያ የሚመጣው የሚሸጥ ቤት ማስታወቂያ ነው። ቤት፣ ቤት፣ ቤት። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሙሉ ገጽ የያዘ የአንዲት ወይዘሪት ፎቶ፣ ብዙ ጊዜ የታጨች ወይም ለሠርጓ የተቃረበች። መጀመሪያ ቤቱ፣ ቀጥሎ ሙሽራይቱ። የኛም ሽማግሌዎች ቢሆኑ ከዚህ የተለየ ቅደም ተከተል የላቸውም።

እንግዲህ ምርጫው ላይ እንምጣ።

የእውነት ባለርስት ከሆናችሁ መጽሔት ሳሎን ውስጥ አታስቀምጡም። ሽንት ቤት ነው ቦታው። አልቀለድኩም፤ የድሮ ሀብታም ቤት ስትሄዱ ምድር ቤት ባለው ሽንት ቤት ጠባብ መደርደሪያ ላይ የአደንና የፈረስ መጽሔት ተከምሮ ታገኛላችሁ። አንዳንዱ ከባለቤቱ ልጆች ዕድሜ ይበልጣል። ከጎኑ የትምህርት ቤት የቀዘፋ ቡድን ፎቶ ተሰቅሏል። ሶፋው የውሻ ፀጉር ለብሷል፤ መጋረጃው ፀሐይ በልቶታል፤ ቤቱ ይበርዳል። እንዲህ ዓይነቱ ሰው መጽሔት አይመርጥም። አያቱ መርጠውለታል።

የባንክ ሰው ከሆናችሁ የቅዳሜው የገንዘብ ጋዜጣ መጽሔት ይበቃችኋል። የፋይናንሺያል ታይምሱ «ሃው ቱ ስፔንድ ኢት» ገንዘብ እንዴት እንደሚጠፋ በርዕሱ በግልጽ የሚያስተምር ነበር። በ2022 ዘመኑ ሲከፋ፣ ሰው ለመብራትና ለጋዝ መክፈል ሲያቅተው፣ ስሙ ወደ አራት የእንግሊዝኛ ፊደላት አጠረ፤ HTSI። ሰዓቱ፣ ጀልባው፣ የስዊዘርላንዱ ስፓ ባለበት አለ። ይህ ይሉኝታ ካልተመሰገነ ምን ይመሰገናል?

ቤት አሳማሪ ከሆናችሁ የውስጥ ማስዋቢያውን፣ ከአውሮፕላን የማትወርዱ ከሆነ ደግሞ ያንን ወረቀቱ ሻካራ የሆነውን ያዙ። እሱ ላይ አዲስ ቡና ቤት ሲጻፍ ወንበሩ እንጂ ቡናው አይነሳም። ቡናው ሲነሳ ደግሞ የኛ ይርጋጨፌ የጃስሚንና የቤርጋሞት ጠረን አለው ይሉናል። እናቴ ስትቆላው የቡና ጠረን ነበረው።

አሁን ወደምወደው ሰው ልምጣ። ስም አልጠራም፤ እሱን መሰሎች ለንደን ሞልተዋል። ፉልሃም ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። በዚህ ዓለም ላይ ያለው አፈር መስኮቱ ላይ ያስቀመጣት በሶብላ የበቀለችበት ነው። የሚያስመጣው መጽሔት ግን የገጠሩን ነው። ጠረጴዛ ላይ አኖረው። አላማረለትም። ብቻውን ሲሆን ያስነቃል። ስለዚህ አረንጓዴ ቦቲ ገዝቶ በር ላይ አቆመ። ቦቲ ካለ ውሻ መኖር አለበት። ሕንጻው ውሻ ይከለክላል። ምን ያድርግ? የውሻ ገመድ ገዝቶ ከቦቲው በላይ ሰቀለ። እንግዳ መጥቶ «ውሻውስ?» ሲል ወደ መስኮቱ ዞሮ ዝም ይላል። እንግዳው የሞተበት ይመስለዋል፤ ትከሻውን መታ መታ ያደርገዋል። በዚህ መንገድ ብዙ ወዳጅ አፍርቷል። እየቆየ ለውሻው ስም ወጣለት። ከዚያ ዕድሜ። ከዚያ የሞተበት በሽታ። አንዲት ጎረቤት ማጽናኛ ካርድ ላከችለት፤ ካርዱንም ከመጽሔቱ ጎን አቆመው።

ሁሉም ሰላም ነበር፣ አንድ ቀን አንዱ እንግዳ ቦቲውን ገልብጦ እስኪያይ ድረስ። ሶሉ ንጹሕ ነው። ዋጋው እንደተለጠፈበት ነው። ጉድ ፈላ! ፉልሃም ውስጥ ጭቃ ከየት ይምጣ?

ከዚህ በላይ ያለውን ትንሽ አጋንኜው ይሆናል። የሚቀጥለውን ግን አልፈጠርኩትም። በ2005 እንግሊዝ ውስጥ ጭቃ በጠርሙስ ተሸጧል። የሚረጭ ጭቃ። ገጠር ረግጠው ለማያውቁ የከተማ ጂፖች የተዘጋጀ፣ ጎረቤት ሲያይ «አደን ውለው መጡ» እንዲል። እኛ አገር ክረምት ሲገባ ሰው ለሊስትሮ የሚከፍለው ጭቃውን እንዲያነሳለት ነው። እዚህ ለመቀባት ይከፈላል። ያን ጊዜ መርካቶ ላይ አንድ ጄሪካን ይዘን ብንቆም ኖሮ ዛሬ እኛም መጽሔቱ ውስጥ ነበርን።

ሰውየው ቦቲውን ጭቃ ቀባ። ጭቃ ያለው ቦቲ ምንጣፍ ላይ አይቆምም፤ ምንጣፉን አነሳ። ምንጣፍ የሌለው ወለል ይበርዳል። ጥሩ! የባለርስት ቤት መብረድ አለበት። ማሞቂያውን አጠፋው። አሁን ካፖርት ለብሶ ሳሎኑ ውስጥ እየሳለ ይቀመጣል። ኦገስት 12 ሰሜን እንግሊዝና ስኮትላንድ ውስጥ የግራውዝ ወፍ አደን ሲከፈት ደግሞ ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ይወስዳል። «ወደ ሰሜን ልወጣ ነው» ይላቸዋል። እውነቱን ነው። እናቱ ቤት ነው፣ ከለንደን ብዙም የማትርቀው ሉተን።

እንዲህ ያለው ሰው ለአገር ኢኮኖሚ ምን እንደሚጠቅም ላስረዳችሁ። መጽሔቶቹ ኑሯቸው ከእናንተ የሽያጭ ፓውንድ ይልቅ በአብዛኛው ከማስታወቂያ ነው። ለአስተዋዋቂው ደግሞ የሚሸጡለት አንባቢውን ነው። «አንባቢያችን ይህን ያህል ገቢ አለው፣ ይህን ያህል ቤት አለው» የሚል ያማረ ሰነድ ያቀርቡለታል። ያ ገቢ ብዙ ጊዜ ከየት ይመጣል? አንባቢው ራሱ ከሞላው መጠይቅ። ካፖርት ለብሶ የሚስለው ወዳጃችን በዚያ መጠይቅ ላይ ምን እንደሚሞላ ገምቱ። በዚያ ላይ የአንባቢ ቁጥርና የሚሸጠው ቅጂ ቁጥር አንድ አይደለም። አንዱ ቅጂ ብዙ ሰው ያነበዋል ተብሎ ይታሰባል፤ የመጠበቂያ ክፍልም በዚያ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ እኔም ጥርሴን ይዤ እዚያ በተቀመጥኩበት ሰዓት፣ ሳልፈልግና ሳይፈቀድልኝ፣ የብሪታንያ ባለጸጋ ሆኜ ተቆጥሬ ሊሆን ይችላል። ደሞዜ ግን አልሰማም።

የበለጠ የሚያስደንቀኝ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ነው። ኬንሲንግተንና ቼልሲ በሚባለው የለንደን ወረዳ ውስጥ ጥሩ ፖስታ ኮድ ያላቸው ቤቶች ብዙ የቅንጦት መጽሔት በበራቸው ቀዳዳ በነጻ ይገባላቸዋል። ባለቤቱ ባርቤዶስ ነው፤ የቤት ሠራተኛዋ ከመሬት አንስታ ቁልል ላይ ትጨምረዋለች። ሀብታሙ በነጻ ያገኛል፣ ልምሰል ባዩ ይገዛል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባል የለ?

እዚህ ላይ ቀልዴን ላቁም። እነዚያ ነጻ መጽሔቶች የሚታደሉበት ወረዳ ግሬንፌል ታወር የሚባለው መኖሪያ ሕንጻ የተሠራበት ወረዳ ነው። ጁን 14 ቀን 2017 ባለ 24 ፎቁ ሕንጻ ሌሊት ነደደ። 72 ሰው ሞተ። የኛም ሰዎች ነበሩበት። የኛም ሕፃናት። ሕንጻው ከዚያ ቀደም ብሎ ሲታደስ ከውጭ ልባስ ተደርጎለት ነበር፤ ለሙቀትም፣ ከሩቅ ሲያዩት እንዲያምርም። መጀመሪያ የታሰበው የዚንክ ልባስ ቀርቶ ርካሹ ተለጠፈ፤ አሉሚኒየም፣ መሃሉ ፕላስቲክ። በዚያ ለውጥ ይድናል የተባለው ገንዘብ 300 ሺህ ፓውንድ አይሞላም። ለንደን ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ ዋጋ ያለው የእጅ ሰዓት ይሸጣል። የእጅ ሰዓት! እጅ ላይ የሚታሰር! ሰዎቹ ለዓመታት «ቤታችን አደጋ አለው» ብለው ጽፈዋል፣ ጮኸዋል። ማን ያንብብላቸው? ወረቀታቸው አያብረቀርቅም።

ይብቃኝ። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

እንግሊዞቹን ብቻ ካመሰገንኩ አድልዎ ይሆንብኛል። የኛም ሰው ጀምሯል። ለንደን ውስጥ አዲስ ቡና ቤት የሚከፍት ወዳጅ ሁሉ አሁን የሚያማክረው ስለ ጀበናው አይደለም። «ሀብታም ፈረንጅ እንዲመጣልኝ የትኛውን መጽሔት ላስቀምጥ?» ነው። ረከቦቱ ወደ ጓዳ ገብቷል። ቄጤማው «ያዳልጣል» ተብሎ ቀርቷል። የፈረስ መጽሔት ግን አለ። ፈረንጁ ይመጣል፤ መጽሔቱን ወደ ጎን ይገፋና «ያ የሚጨሰው ነገር፣ እጣኑ፣ የለም?» ብሎ ይጠይቃል።

ለማንኛውም እኔም ምርጫዬን አድርጌያለሁ። የገጠሩን። ሳምንታዊ ስለሆነ ቶሎ ይከመራል። ደንበኛ ለመሆን ኢንተርኔት ላይ ቅጽ ልሞላ ገባሁ። መጀመሪያ የሚጠይቀው ማዕረግ ነው። እዚህ አገር ቅጽ የሞላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሚስተር፣ ሚስስ፣ ዶክተር፣ ሬቨረንድ፣ ሰር፣ ሌዲ፣ ሎርድ፣ ቫይካውንት እያለ ይወርዳል። አብሬው ወረድኩ። ፊታውራሪ የለም። ግራዝማች የለም። ደጃዝማች የለም። ይኼ ደግሞ ንቀት ነው። ለንደን ያለ ሐበሻ በሙሉ የደጃዝማች የልጅ ልጅ መሆኑን የማያውቅ አለ እንዴ? በየሠርጉ የማገኘው የደጃዝማች ዘር ብቻ ነው። ያኔ ስንቅ ተሸክሞ በእግሩ የዘመተው ሕዝብ አንድም ልጅ ሳይተካ ያለፈ ይመስላል። በመጨረሻ «ሌላ» የሚል ሳጥን አገኘሁና «ቀኛዝማች» ብዬ ሞላሁ። ተቀብሎኛል። የመጀመሪያው ቅጂ እስኪደርስ ቦቲ እያማረጥኩ ነው። ያገለገለ የውሻ ገመድ ያላችሁ ጻፉልኝ፤ የተቀጠቀጠ ቢሆን ይመረጣል።