ለቀረው ሰው ምስጋና

ዛሬ የማመሰግነው ስብሰባ መጥቶ የማያውቀውን ጎረቤቴን ነው። እዚህ ቨርጂኒያ፣ እኛ ታውንሃውስ ሰፈር፣ እንደሱ ያለ ጉልበተኛ የለም።

ሰፈራችን 120 ቤት ነው። የኤችኦኤው፣ ማለትም የቤት ባለቤቶች ማኅበራችን፣ መተዳደሪያ ሰነድ ከቤት ፊት ለፊት ሣርና አበባ እንጂ አትክልት አይተከልም ይላል። ጎመን የናፈቀን ሰዎች ይህቺ አንቀጽ ትቀየር አልን። በቨርጂኒያ ሕግ፣ ሰነዱ ራሱ ሌላ ነገር ካላለ፣ ለውጡ የቤት ባለቤቶቹን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይፈልጋል። ልብ በሉ፣ ከመጡት ውስጥ አይደለም፤ ከሁሉም ነው። እኛ ዘንድ 80 ቤት መሆኑ ነው። ስለዚህ የቀረ ሰው ሁሉ «አይሆንም» እንዳለ ይቆጠራል። ሶፋው ላይ ተጋድሞ፣ ጫማውን እንኳ ሳያስር፣ ያሸንፋል።

ማክሰኞ ማታ 14 ሆነን ተገኘን። ጸሐፊዋ ሁለቴ ቆጠረችን፤ በሁለተኛው 15 ሆንን፣ አንዷ እናት ያዘለችውን ልጅ ጨምራ። ከዚያ የደረቀ ኩኪስ በልተን ተበተንን።

ጎረቤቴ ቡና ጠርቶኝ፣ ስብሰባ ሳይመጣ ድምፁን ሊሰጥበት የሚችለውን የውክልና ወረቀት አየሁት። ፍሪጁ በር ላይ፣ በፒዛ ቤት ማግኔት ተለጥፎ፣ ሦስት ወሩ። እስክሪብቶው እዚያው በክር ተንጠልጥሏል። «እፈርማለሁ አልኩህ እኮ» አለኝ ስኒውን እያቀበለኝ። ከአቦል እስከ በረካ ደግሞ ኤችኦኤው እንዴት እንደጨቆነን ሲያስረዳኝ ቆየ።

ይኸው ሰው እድር ላይ አርፍዶ እንኳ አያውቅም። እድር የቀረን ይቀጣላ! ኤችኦኤ ግን ቸር ማኅበር ነው፤ የመጣውን በደረቅ ኩኪስ ይቀጣል፣ የቀረውን ያነግሣል።

ደግሞ መቅረትን አትናቁት፤ ቅርስ ጠባቂ ነው። በቆዩ የአሜሪካ ሰፈሮች ሰነድ ላይ ጥቁር ሰው ቤት እንዳይገዛ የሚከለክል አንቀጽ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1948 ፍርድ ቤቶች እንዳያስፈጽሙት ከለከለ እንጂ ጽሑፉ ዛሬም በየመዝገቡ ይገኛል። ማን ተሰብስቦ ይፋቀው? ዲሻችንንም ቢሆን ያዳነው የጎረቤት ድምፅ አይደለም። የፌዴራሉ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1996 እስከ 1 ሜትር ስፋት ያለው ዲሽ በየቤታችን እንዳይከለከል ባይደነግግ ኖሮ፣ የአገር ቤት ዜና ለማየት 80 ፊርማ ስንለምን እንኖር ነበር።

ባለፈው ሳምንት ለጎረቤቴ ደብዳቤ መጣለት፤ ባለቤቱ ደጃፍ ላይ የተከለችው ጎመን በ10 ቀን ውስጥ ይነቀል የሚል። እየተንጨረጨረ ደወለልኝ።

«ስብሰባው መቼ ነው?»

«ማክሰኞ።»

«ውይ፣ ማክሰኞማ አይመቸኝም።»

ደብዳቤውን የት እንዳስቀመጠው አልጠየቅኩትም። ማግኔቱ ሁለት ወረቀት ይችላል።