ከመስኮቱ ዳር ያለችው ልጅ አሠራር

የጃፓን የትምህርት ቤት አስፈሪ ታሪክ ያለ አንዲት ዝምተኛ ልጅ አይሠራም። መንፈሱ ቢጎድል ይታለፋል፤ እሷ ከጎደለች ግን ሽንኩርቱ እንደተረሳ ወጥ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢገባበትም አይጥምም። አሠራሯ ደግሞ የሚመስለውን ያህል ከባድ አይደለም።

ከወንበሯ እንጀምር። የመጨረሻው ረድፍ፣ መስኮት ዳር፤ ከዚያ ፈቀቅ የለም። የጃፓን መማሪያ ክፍል በልማድ መስኮቱ ከተማሪው በስተግራ፣ ኮሪደሩ በስተቀኝ ሆኖ ነው የሚሠራው፤ በቀኝ እጁ የሚጽፍ ልጅ የገዛ እጁ ጥላ ደብተሩ ላይ እንዳይወድቅበት ተብሎ። እሷ እንግዲህ ግራ ጫፍ ላይ ስትቀመጥ ብርሃኑ አንዱን ጉንጯን ያበራል፤ ክፍሉ በሙሉ የሚያየው ሌላኛውን ነው። ታሪኩን በሥዕል ለሚያወጣው ሰዓሊም ዕረፍት ነው። ከኋላዋ የሚሣል ተማሪ የለም፣ ከጎኗ ሰማይ ብቻ። ሠላሳ ምናምን ፊት ከመሣል አንድ ደመና መሣል ይቀላል።

ወንበሩን ወደ እኛ አገር ማምጣት ግን አያዋጣም። ሦስት ልጅ ተጠጋግቶ በሚቀመጥበት ዴስክ ላይ ማን ምሥጢር ይሆናል? ቤት ውስጥማ ይብሳል። ቡና ላይ አንገቷን ደፍታ የተቀመጠች ልጅ አቦል ሳይጠጣ «እንዴት ያለች ጨዋ! የማን ልጅ ናት?» ተብሎላት፣ በረካው ሲቀዳ ባል ይታሰብላታል። መንፈስ ለመሆን ጊዜ የላትም።

ፀጉሯ ጥቁር፣ ቀጥ ያለ፣ ግንባሯ ላይ ቅንድቧን ሸፍኖ ዓይኗ ጋ ሲደርስ የሚቆም ነው። በጃፓን ሥዕልና ካቡኪ በሚባለው ባህላዊ ቲያትር ተፈትቶ የተለቀቀ ረጅም ፀጉር የሙት ምልክት ሆኖ ኖሯል፤ ጎረምሳ ተመልካች ይህን ባያውቅም አንገቱ ያውቀዋል። ከዚያ አንድ እንግዳ ነገር ይጨመርላታል፤ ወይ አንድ ዓይኗ ላይ ፋሻ፣ ወይ የእጅ አንጓዋ ላይ ጨርቅ፣ ወይ አሻንጉሊት። አንድ ብቻ። ጀማሪ ጸሐፊ ሦስቱንም ይደርብባትና ምሥጢሩ ቀርቶ የጤና ጣቢያ ጉዳይ ይሆናል።

ንግግሯ በልክ ነው። በአንድ የታሪኩ ክፍል ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃታል፤ አንደኛው «እዚህ ባትመጣ ይሻልህ ነበር» ነው። አራተኛው ላይ ትበላሻለች። «የዛሬው ሾርባ ጨው በዝቶበታል» ካለች አለቀላት፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይፈራትም።

ሾርባ ከተነሣ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ምሳ ላይ ነው። በጃፓን አንደኛ ደረጃና በአብዛኛው መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ምሳ የሚበላው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ተረኛ ተማሪዎች ነጭ ካፖርትና ቆብ አድርገው ያድላሉ፣ ሁሉም አንድ ላይ አመስግኖ ይጀምራል። እንዲህ ባለ ቦታ «በምሳ ሰዓት የት እንደምትሄድ ማንም አያውቅም» የሚል ጸሐፊ ትምህርት ቤቱን አያውቀውም። ነገሩ የገባው ጸሐፊ ልጅቷን ምሳ ዕቃ ወደሚያዝበት ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ያዛውራትና ጣሪያ ላይ ለብቻዋ ያስበላታል። የእውነተኞቹ ትምህርት ቤቶች ጣሪያ በር አብዛኛውን ጊዜ የተቆለፈ መሆኑን ግን አንባቢ ይቅር ይላል።

አሁን አዲስ ተማሪ ያስፈልጋል። የጃፓን የትምህርት ዘመን በኤፕሪል ይጀመራል፤ ስለዚህ ልጁ ዘግይቶ፣ ዝናቡ በሚጥልበት በጁን ይምጣ። ስሙ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ ጎንበስ ይላል፣ ዞር ሲል መስኮት ዳር ያለችውን ያያል። «ያቺ ማናት?» ብሎ ይጠይቃል። «የቷ?» ይሉታል። ፍርሃቱ በሙሉ እዚህች መልስ ውስጥ ነው ያለው። አርባ የሚጠጋ ሰው፣ ስም መጥሪያውን የያዘው መምህር ጭምር፣ አንዲትን ልጅ ላለማየት ተስማምቶ መዋል ቀላል ሥራ አይደለም። ይህን ሁሉ ድካም ተሸክመው እሷን «ከሰው አትቀርብም» ይሏታል።

ጥርጣሬ ሲበዛ ኮኩሪሳን የሚባለው መንፈስ በጨዋታ ይጠራል። ወረቀት ላይ ከላይ የመቅደስ ደጅ ይሣላል፣ በግራና በቀኙ «አዎ» እና «አይ»፣ ከሥር የሂራጋና ፊደላትና ቁጥሮች። ባለ 10 የን ሳንቲም ደጁ ላይ ይቀመጥና ሁለት ወይም ሦስት ልጆች አመልካች ጣታቸውን ያሳርፉበታል። «እባክዎ ይመለሱ» ብሎ ሳያሰናብቱ ጣት ማንሣት ክልክል ነው። ሲያበቃ ወረቀቱ ይቀደዳል፣ ሳንቲሙ ዕቃ ተገዝቶበት ከእጅ ይወጣል (ቆጣቢ መንፈስ አይደለም)። በ1970ዎቹ የጃፓንን ተማሪ ያሳበደው ጨዋታ ነው። ሳንቲሙ በርግጥ ይንቀሳቀሳል፤ የሚገፋውም የተጫዋቾቹ ጡንቻ ነው፣ እነሱ ሳያውቁት። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዴይ በ1853 ጠረጴዛ ያንቀሳቅሳሉ በተባሉ መናፍስት ላይ ይህንኑ በሙከራ አሳይቷል። «ጥፋቱ የማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ሳንቲሙ ፊደል በፊደል የሚጽፈው ስም የመስኮት ዳሯ ልጅ ነው። ጣቶቹ ከመንፈሱ ቀድመው ተስማምተዋልና።

ለማድመቂያ የትምህርት ቤቱ «ሰባት አስደናቂ ነገሮች» የሚባሉት ወሬዎች ይጨመራሉ። የሳይንስ ክፍሉ የሰውነት ሞዴል ሌሊት ይሮጣል፣ የሙዚቃ ክፍሉ የቤትሆቨን ሥዕል ዓይኑን ያንቀሳቅሳል፣ 12 የነበረው ደረጃ ሲመሽ 13 ይሆናል። ሰባቱን ያወቀ መዓት ይደርስበታል ስለሚባል ስድስቱን ቆጥሮ ሰባተኛውን «ረሳሁት» ማለት የተለመደ ነው። ሰባተኛውን ላልጻፈ ደራሲ ከዚህ የተሻለ ሰበብ የለም።

ከሁሉም የታወቀችው የሽንት ቤቷ መንፈስ ሃናኮ ናት። ሦስተኛ ፎቅ፣ የሴቶች ሽንት ቤት፣ ሦስተኛው በር። ሦስቴ አንኳኩቶ «ሃናኮሳን፣ አሉ?» ማለት ነው። «አለሁ» የሚል ቀጭን ድምፅ ይመልሳል፤ አጭር ፀጉር፣ ቀይ ጉርድ። ለሟቿ በሩ ይንኳኳል፣ ስሟ በአክብሮት ይጠራል፣ መልሷም ይጠበቃል። ክፍል ውስጥ ያለችው በሕይወት ስላለች ይህን አላገኘችም።

አንድ ችግር ግን አለ። በጃፓን ትምህርት ቤት ጠራጊ አይጠበቅም፤ ከትምህርት በኋላ ተማሪዎቹ በቡድን ተከፋፍለው ክፍሉን፣ ኮሪደሩን፣ በብዙ ትምህርት ቤት ሽንት ቤቱንም ያጸዳሉ። ሃናኮ ትኑር አትኑር ሦስተኛው ሽንት ቤት መታጠብ አለበት። ባልዲው ይሞላል፣ ብሩሹ ይወጣል፣ ማን ይግባ ሲባል ሁሉም ዓይኑ ወደ መስኮቱ ዳር ይሄዳል። ያን ጊዜ ታየች። ምንም ሳትል ባልዲውን ታነሣለች፤ ትደርስና በሩን ሦስቴ ታንኳኳለች፣ ሰው ካለበት ብላ።