እርማት፦ ሰማያዊ ጭስ ሁሉ የቱርቦ ሞት አይደለም

«ቱርቦ (በጭስ ማውጫው ጋዝ እየዞረ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የተገጠመለት ሞተር ሳይክል ሰማያዊ ጭስ ካወጣ የቱርቦው ፓራኦሊ (ዘይት እንዳያልፍ የሚይዘው የጎማ ቀለበት) አልቋል፤ ሌላ ግዛ» ላልከው ወንድሜ፦ ብዙ ሰው የሚለው ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ ስህተት ነው። አዲስ ቱርቦ ገዝተህ ያው ጭስ ይቀጥላል።

ሲጀመር ቱርቦ ውስጥ እንደምናውቀው ዓይነት የጎማ ፓራኦሊ የለም። ዘንጉ ላይ ያሉት የፒስተን ቀለበት የሚመስሉ ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች ናቸው። ዋና ሥራቸው ጋዝ መከልከል ነው፤ የተጠራቀመ ዘይት አይገድቡም።

ዘይቱ ወደ ቱርቦው በግፊት ይገባል፣ ሲወጣ ግን አረፋ ሆኖ በራሱ ክብደት ብቻ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ዘይቱን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ቱቦ ወፍራምና ቁልቁል መሆን አለበት። ሞተር ሳይክል ላይ ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ቦታ ስለሌለ ቱርቦውን ከሞተሩ ፊት ዝቅ አድርገን እንበይዳለን፤ ከዘይት ቋቱ በታች ይውላል። ዘይት ሽቅብ አይፈስም! ተጠራቅሞ በቀለበቶቹ በኩል ወደ ማርሚታው ያልፋል፤ እዚያ ተቃጥሎ ሰማያዊ ጭስ ይሆናል። ካዋሳኪ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጂፒዚ 750 ቱርቦን ሲሠራ ቱርቦውን ፊት ለፊት ዝቅ አድርጎ፣ ዘይቱን የሚመልስ ተጨማሪ ፓምፕ ጨምሯል።

ከመግዛትህ በፊት መመለሻውን ቱቦ ከሞተሩ ፍታና ጫፉን ከቱርቦው በታች ባለ ጠርሙስ ውስጥ አስገባ። የሞተሩን የዘይት መጠን እያየህ፣ ፍጥነት ሳትጨምርለት ለአጭር ጊዜ አስነሳው። ማርሚታው ውስጥ የቀረው ተቃጥሎ ጭሱ ከጠፋ ቱርቦህ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ የመመለሻው ነው። ካልጠፋ የሞተሩን መተንፈሻ (የውስጡን ግፊት የሚያስወጣውን ቱቦ) እና የራሱን የሞተሩን የፒስተን ቀለበቶች እይ።