«ውሃም መብራትም አለው» እያላችሁ የዳር ቦታ ለምትሸጡልን፣ ገዝተንም ለየብቻ ለምንጎትት

«ከአስፋልት ትንሽ ገባ ይላል እንጂ ውሃም መብራትም አለው።» ከአዲስ አበባ መጥቶ ደሴ ዳር ላይ ቤት ያየ ሰው ይህን ያልተባለ የለም። ጢጣ በኩልም፣ ገራዶም፣ ቦሩ ሜዳም፣ ወደ ኩታበር መውጫም ያው ነው። ሽያጩ ደግሞ የሚጧጧፈው በበጋ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ መሬቱ ደርቋል፣ መኪና በሩ ድረስ ይገባል፣ አምፖሉ ይበራል፣ ቧንቧው ሲከፈት ውሃ ይወርዳል። ሐምሌ ሲገባ ያው መንገድ ዋልካ ነው። የባጃጅ ጎማ ትንሽ ነው፤ ዋልካው በፊት ጎማውና በፓራፋንጎው መሃል ይጠቀጠቅና ጎማው መዞሩን ያቆማል። ሹፌሩ አንዴ ከተያዘ በኋላ ከአስፋልቱ ዳር አያልፍም፤ አይፈረድበትም። ከዚያ ወዲያ ነፍሰ ጡሯ በሰው ትከሻ፣ አሮጊቷ በዱላ፣ የጋዝ ሲሊንደሩ በሸክም ይገባል። ለገዢው ይህን የነገረው ማን ነው?

አዲስ ገቢው መጀመሪያ የሚያማርረው ስለ ብርዱ፣ ስለ ዝምታውና ስለ ጅቡ ነው። እነዚህ ይለመዳሉ። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዷ የአዲስ አበባን ብርድ ለለመደ ሰው ባዳ አይደለም። ሙቀት የፈለገ 1850 ሜትር ላይ ኮምቦልቻ አለችለት፣ የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ነው። ጅቡም አጥንትና የወጥ ትራፊ ደጅ ካላደረለት መንገዱን ይቀይራል። የሚያንገበግበው ሌላ ነው፦ ሃያ አባወራ አንዱን ሥራ ሃያ ጊዜ ለየብቻው ይሠራል፣ ሃያውም ይበላሻል። የእኔ ብሶት ይሄ ነው።

ከውሃው እንነሳ። «ውሃ አለው» ማለት ቧንቧ አለ ማለት ነው እንጂ ውሃ ይመጣል ማለት አይደለም። መጠየቅ ያለበት ሻጩ ሳይሆን ጎረቤት ነው፦ ፈረቃው በስንት ቀን ይደርሳል፣ በስንት ሰዓት ይመጣል፣ ለስንት ሰዓት ይቆያል፣ መስመሩ ስንት ኢንች ነው፣ ከዋናው መስመር እስከ ቆጣሪው ስንት ሜትር ነው? ብዙ ሰፈር ውስጥ ዋናው መስመር 200 ሜትር ርቆ ይቀራል። እያንዳንዱ ቤት ከዚያ የራሱን ግማሽ ኢንች ቱቦ ይጎትታል። አንድ ቦይ ውስጥ አሥርና አሥራ አምስት ቀጫጭን ቱቦ እንደ ገመድ ተጠላልፎ ይገኛል፤ አንዱ ሲፈነዳ የማን እንደሆነ ለመለየት ሁሉም ይቆፈራል። ግፊቱና ርዝመቱ እኩል ከሆነ አንድ ባለ 2 ኢንች መስመር ከ30 በላይ የግማሽ ኢንች ቱቦዎችን ያህል ውሃ ይወስዳል። ቱቦው ሲጠብ ውሃው ከግድግዳው ጋር የሚፋተግበት እየበዛ ስለሚሄድ ነው። ለየብቻ ለቁፋሮና ለቱቦ የወጣው ገንዘብ ቢደመር ያንን አንድ መስመር ዘርግቶ ይተርፍ ነበር። ቱቦው 60 ሳንቲ ሜትር ጠልቆ፣ ከሥሩም ከላዩም አሸዋ ተደርጎበት ቢቀበር ድንጋይ የጫነ አይሱዙ ቢያልፍበትም አይፈነዳም። አሁን ግን 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ተቀብሮ በመጀመሪያው የግንባታ ወቅት ያልቃል።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። ዳይናሞውን በቀጥታ መስመሩ ላይ የሚገጥም ሰው! ይህ ሰው የጎረቤቱን ውሃ መሳቡ ብቻ አይደለም። ፓምፑ መስመሩን ሲመጠምጥ ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ያንሳል፤ ያን ጊዜ በላላ መገጣጠሚያና በተሰነጠቀ ቱቦ በኩል የቦዩ ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይገባል። ልጆች በሆድ ሕመም የሚሠቃዩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ትክክለኛው አሠራር ቀላል ነው። መሬት ላይ አንድ ሮቶ ይቀመጣል፣ በመስመሩ በራሱ ግፊት ይሞላል፣ ዳይናሞው ከዚያ ሮቶ ወደ ላይኛው ይገፋል። መጠኑን በልኩ አስሉ፦ በሰው 50 ሊትር ብንይዝ አምስት ሰው በቀን 250 ሊትር ይፈልጋል። ፈረቃው በ8 ቀን ከሆነ 2000 ሊትር ማለት ነው፤ አንድ ፈረቃ ሲዘለል እንዳትደርቁ 4000 ያዙ። 1000 ሊትር ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል። የባሕር ዛፍ ማማ ላይ 2000 ሊትር የሚሰቅል ሰው 2 ቶን ልጆቹ በሚጫወቱበት ራስ ላይ እንደሰቀለ ይወቅ። ደግሞ ማማው 3 ሜትር ከሆነ የሚገኘው ግፊት 0.3 ባር ብቻ ነው። ሻወሩ ደካማ ነው ብሎ ሙያተኛ ከመጥራት ከሮቶው የሚወርደውን ቱቦ 1 ኢንች አድርጎ ቧንቧው አጠገብ ሲደርስ ማጥበብ ይሻላል።

መብራቱም እንዲሁ ነው። «መብራት አለው» ያሉት ምሰሶ 200 ሜትር ወዲያ ይቆማል፤ ከዚያ በግል ሽቦ ይጎተታል፣ መሃል ላይ የጠመመ ባሕር ዛፍ ይተከላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ነው። ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ 200 ሜትር ከተጎተተ ምጣዱ ሲሰካ 37 ቮልት ገደማ ሽቦው ላይ ይቀራል። ምጣዱ የሚያገኘው 183 ቮልት አካባቢ ነው፤ ሙቀቱ ግን ከዚያ በላይ ይወርዳል፣ ከሚገባው ሰባ በመቶ እንኳ አይሞላም። እንጀራው ዓይን አላወጣ ሲል ሊጡ ይወቀሳል፣ እርሾው ይወቀሳል፣ ጋጋሪዋ ትወቀሳለች። ጥፋቱ የሽቦው ነው። ቆጣሪው ምሰሶው ዘንድ ከሆነ ደግሞ ሽቦው ላይ በሙቀት የሚባክነው ግማሽ ኪሎ ዋት ገደማ ከኪሳችሁ ይከፈላል። በ16 ካሬ የመዳብ ሽቦ ቢሆን የሚጠፋው 7 ቮልት ብቻ ነበር። ያን የሚያህል ሽቦ አንድ ሰው አይችለውም፤ ሃያ ሰው ግን ምሰሶና መስመር ራሱ እንዲገባለት በአንድ ማመልከቻ መጠየቅ፣ ወጪውንም መካፈል ይችላል። ስታቢላይዘር መግዛት መፍትሔ አይሆንም፤ ሁሉም ሲገጥመው ከመስመሩ የሚስበው አምፔር ጨምሮ መጨረሻ ላይ ያለውን ቤት ያጨልማል። እስከዚያው ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም በአንዴ ምጣድ ከሚጥድ ጎረቤታሞች ቀን ተከፋፍለው ቢጋግሩ የሁሉም እንጀራ ይበስላል።

ጄኔሬተር ለምትገዙም አንድ ነገር፦ ሞተር በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳበት ከተጻፈለት ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። 3 ኪሎ ዋት ተብሎ የተሸጠው ደሴ ላይ ከ2 ብዙም አይበልጥም፤ ምጣድ አይችልም።

አሁን ወደ ቦዩ ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ የሚያበግነው እሱ ነው። የመንገዱ ዳር ቦይ በየበሩ ላይ መሻገሪያ ይፈልጋል። አንዱ ባለ 60 ሳንቲ ሜትር የሲሚንቶ ቱቦ ያስቀምጣል። ቀጣዩ ባለ 30 ይቀብራል። ሦስተኛው ከግንባታ የተረፈች ባለ 20 ፕላስቲክ ይከታል። አራተኛው ጨርሶ በድንጋይና በአፈር ይደፍነውና መኪናውን ያስገባል። ወገኖቼ፣ ስፋቱ ግማሽ የሆነ ቱቦ የሚያሳልፈው ውሃ ግማሽ አይደለም፤ በአንድ ዓይነት ተዳፋት ላይ አንድ ስድስተኛ ብቻ ነው። ስለዚህ ሃያ ቤት ባለበት መንገድ ላይ የጎርፉን መጠን የሚወስነው የአንድ ሰው ጠባብ ቱቦ ነው። የነሐሴ ዝናብ ከጦሳ ተራራ በኩል ሲወርድ ደለልና ፌስታል ይዞ እሷ ላይ ይቆማል፣ ውሃው ከቦዩ ወጥቶ መንገዱን ይይዛል፣ ገረጋንቲውን አጥቦ ይወስዳል፣ ለመንገድ ተብሎ የተዋጣው ብር በአንድ ከሰዓት ወደ ቦርከና ወንዝ ይወርዳል። በዓመቱ ደግሞ «ገረጋንቲ እንድፋ» ተብሎ መዋጮ ይጠየቃል። ቦዩ ሳይስተካከል የሚደፋ ገረጋንቲ የባከነ ነው። መንገዱ ራሱ መሃሉ ከዳሩ ከፍ ማለት አለበት፦ በአንድ ሜትር 4 ሳንቲ ሜትር፣ ባለ 6 ሜትር መንገድ ከሆነ መሃሉ ከዳሩ 12 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። ገረጋንቲው በ20 ሳንቲ ሜትር ንጣፍ እየተደፋ፣ ውሃ እየተረጨ፣ በሮለር እየተጠቀጠቀ ነው የሚሠራው። ከመኪና ላይ ገልብጦ በአካፋ መበተን መንገድ አይሆንም።

ተዳፋት ላይ የምትሠሩ፣ ደሴ መሬት የሚንሸራተትባት ከተማ መሆኗን እወቁ። ዳገቱን ቆርጦ አፈሩን ፊት ለፊት ደልድሎ ቤቱን ግማሹን በቁራጩ፣ ግማሹን በድልድሉ ላይ ማቆም የተለመደ ነው። ድልድሉ ይሰምጣል፣ ቁራጩ አይሰምጥም፤ ከመስኮት ማዕዘን ሰያፍ የሚወርደው ስንጥቅ ከዚያ ይመጣል። የድጋፍ ግንቡ 2 ሜትር ከፍታ ካለው ግርጌው ከ1 ሜትር ማነስ የለበትም። ከጀርባው ጠጠር፣ በየአንድ ሜትር ተኩሉ ባለ 2 ኢንች የውሃ መውጫ ይደረጋል። ግንብ የሚወድቀው በአብዛኛው በአፈሩ ሳይሆን ከጀርባው በተጠራቀመ ውሃ ነው። ግንበኛው መውጫውን «መልኩን ያበላሻል» ብሎ በሲሚንቶ ሲለስነው ዝም አትበሉ። ውሃውም በጎረቤት ግቢ ላይ እንዲወድቅ አይለቀቅም፤ እስከ ቦዩ ድረስ ይመራል።

የሽንት ቤት ጉድጓድ በዋልካ ላይ ውሃውን ወደ መሬት አያሰርግም። በክረምት ከውጭ የሚገባው ውሃ ይሞላዋል። መጣጩ መኪና ደግሞ በክረምት አይደርስበትም፣ ስለዚህ ግንቦት ሳያልቅ ማስመጠጥ ነው። ጥልቀቱንም አታብዙት፤ በ2500 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ፓምፕ ከ5 ሜትር በታች ያለውን ለመሳብ ይቸገራል። ከአንድ ጥልቅ ጉድጓድ ሁለት ክፍል ያለው፣ ሰፋ ያለና ጠለቅ ያላለ ይሻላል። ከማንም የውሃ ጉድጓድ 30 ሜትር ይራቅ፣ ከጎረቤትም ጭምር።

ይህ ሁሉ ለብቻ የማይቻል ነው። መፍትሔው ግን ሰፈሩ ውስጥ አለ፦ ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው። ቅሬው የስም ዝርዝር አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ሰብሳቢ አለው፣ ለቀረ ሰው መቅጫ ደንብ አለው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው። ለቀብር በአንድ ሰዓት ሰፈሩን የሚያወጣ ድርጅት ለቧንቧና ለቦይ ለምን አይበቃም? ከአዲስ አበባ የመጣው አብዛኛው ሰው ግን እንደ ኮንዶሚኒየም ይኖራል። ወርሃዊውን ይከፍላል፣ ሲቀር ቅጣቱን ይከፍላል፣ ፊቱን ማንም አያውቀውም። ከዚያ ቱቦው ሲደፈን «የዚህ አገር ሰው አይተባበርም» ይላል። ይህ ያሳዝናል። አጥር ከመጀመሩ በፊት ቅሬ ይገባ፣ ቡና ሲጠራ ይሂድ፣ ቁፋሮ ሲባል አካፋውን ይዞ ይውጣ። የቅሬው ነባር አባወራዎች የምንጩን መውጫ፣ የጎርፉን የድሮ መንገድ፣ የትኛው ማሳ በክረምት ውሃ እንደሚያቁር ከማንም መሐንዲስ በፊት ያውቃሉ። ጠይቋቸው።

ቦታ የምታድሉ ኃላፊዎችንም አላልፋችሁም። መጀመሪያ ቦይ፣ ቀጥሎ መንገድ፣ ቀጥሎ የውሃና የመብራት መስመር፣ ከዚያ ነው ካርታ የሚሰጠው። ካርታው ቀድሞ ሲሰጥ ሰው አጥሩን ያጥራል፣ ቦይ ማለፍ ያለበት ቦታ ላይ ግንብ ይቆማል፣ በኋላ ለማፍረስ ካሳና ክርክር ይመጣል። ቢያንስ የበር መሻገሪያ ከ60 ሳንቲ ሜትር በታች እንዳይሆን በግንባታ ፈቃዱ ላይ ይጻፍ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

በእኛ በኩል ግንቦት ላይ የሚሠራው ይሄ ነው። ቅሬው ሁለት ሰው ሜትር አስይዞ በየበሩ ያለውን ቱቦ ይለካ፤ የባለቤቱ ስምና ስፋቱ በአንድ ወረቀት ይመዝገብ፣ በስብሰባም ይነበብ። ከ60 በታች የሆኑት ሁሉ ይቀየራሉ፣ አቅም ላነሰው ከቅሬው ብድር ይሰጠዋል። ከቦዩ የሚወጣው ደለል ዳር ላይ አይከመርም፣ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ያስገባዋል፤ በጋሪ ይጋዝ። ጠረጋውም ቅያሬውም ከታች፣ ውሃው ወንዝ ከሚገባበት ጀምሮ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ከላይ ከተጀመረ የተለቀቀው ውሃ ሁሉ በአንዴ ታች ያለው ጠባብ ቱቦ ላይ ይወርድና የታችኛው ጎረቤት ሳሎን ይገባል።