ቲሸርት ለብሶ መቆፈር ትምህርት አይደለም

ሰሞኑን አንድ የወላጆች ስብሰባ ላይ የትምህርት ቤቱ ሃላፊ ተነስተው "የአየር ንብረት ለውጥን በተግባር እያስተማርን ነው፣ ልጆቹ ችግኝ ተክለዋል፣ ሳይንሱ ግን ለነሱ ዕድሜ ይከብዳቸዋል" ብለው ቁጭ አሉ። ወላጁም አጨበጨበላቸው። እኔ ግን እስካሁን አልበረደልኝም።

ይከብዳቸዋል? የሰባተኛ ክፍል ልጅ የሴል ክፍሎችን አንድ በአንድ እንዲሸመድድ ስታስገድዱት አልከበደውም፣ ፀሐይ ያሞቀችው መሬት ሙቀቱን መልሶ ሲለቅ ከመኪናና ከፋብሪካ የወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አላሳልፍም ብሎ እንደሚያስቀረው ሲነገረው ነው የሚከብደው? ይሄው ነው እኮ፣ በአንድ ትንፋሽ አለቀ። በፈረንጆቹ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ቀርቶበት የአባቱ ከብት ፊቱ ያለቀበትን የቦረና ልጅስ "ለዕድሜህ ይከብዳል" ልትሉት ነው?

ችግኝ መትከሉን አልጠላም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ተተከለ ሲባል እኔም ደስ ብሎኛል። ግን መትከያው ክረምት ነው፣ ክረምት ደግሞ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ልጁ ከእረፍቱ ይጠራል፣ ቲሸርት ይለብሳል፣ ይቆፍራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ በቃ። ጥር ላይ መሬቱ ሲሰነጠቅ ማን ያጠጣዋል? ስንቱ ጸደቀ፣ የደረቀውስ ለምን ደረቀ ብሎ የቆጠረ ክፍል አለ? ትምህርቱ የነበረው እዛ ጋ ነው፣ እዛ ሲደርስ ግን ካሜራውም መምህሩም የሉም።

እኔ የምለው ቀላል ነገር ነው፣ ዝናብ ይለኩ። አንድ የሃይላንድ ፕላስቲክ ራሱን ቆርጦ ገልብጦ እንደ ማንቆርቆሪያ አፉ ላይ መሰካት፣ ታቹ ወጣ ገባ ስለሆነ ጠጠር ጨምሮ ውሃ እስከ ዜሮው መስመር መሙላት፣ ጎኑ ላይ ማስመሪያ ማሰር። አለቀ፣ ዝናብ መለኪያ ሆነ። በየጠዋቱ ተረኛ ተማሪ ያነባል፣ መዝገብ ላይ ይጽፋል፣ ውሃውን ወደ ዜሮው ይመልሳል። በልግ መቼ ገባ፣ ስንት ቀን ተቋረጠ፣ አንድ ቀን ዶፉን አውርዶ ሁለት ሳምንት ጠፋ ወይ፣ ሁሉንም ልጁ በገዛ እጁ ጽፎ ያየዋል፣ ከዛ ቤት ሄዶ አያቱን "ድሮ እንዲህ ነበር ወይ" ብሎ ይጠይቃል። ሒሳቡም አብሮ ይመጣል፦ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ነው፣ ስለዚህ 200 ካሬ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 4 ሺህ ሊትር ውሃ ነው ዓይናችን እያየ ቱቦ ውስጥ የሚገባው፣ የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ግን ውሃ የለውም ተብሎ ልጆች በጀሪካን ይሸከማሉ! ይሄን አንዴ ያሰላ ልጅ ሮቶ የት መቀመጥ እንዳለበት ለዳይሬክተሩ ራሱ ያሳያቸዋል። ምናልባት የሚፈራው እሱ ይሆን እንዴ?

ነፍስ የሚያድን ትምህርትም አለ። 2016 ሐምሌ ላይ ገዜ ጎፋ መሬት ተንሸራቶ ከ200 በላይ ሰው ሲያልቅ ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ናቸው፣ ናዳው ደግሞ መጥቶ እነሱንም ዋጣቸው። በዝናብ የራሰ ተራራ አንዴ ከተናደ በኋላ ሊደግም እንደሚችል ለተራራማ አገር ልጅ ካልተነገረ ለማን ሊነገር ነው?

ደግሞ "አፍሪካ ባላበላሸችው ለምን ልጆቻችንን እናስጨንቃለን" የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ያበላሹት ሌሎች ናቸው፣ እሱንም ይማሩታ! ማን ስንት እንዳቃጠለ ያላወቀ ልጅ ነገ አድጎ ምን ብሎ ካሳ ሊጠይቅ ነው? ኮፕ 32 የሚባለው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ በፈረንጆቹ 2027 አዲስ አበባ ይመጣል። እስካሁን ካየሁት ተነስቼ ስገምት ልጆቻችን የሚጠሩት ባንዲራ ሊያውለበልቡና ሊዘምሩ ነው። አንድ ክፍል እንኳ የሰፈሩን የዓመት የዝናብ መዝገብ ይዞ አዳራሹ ቢገባ ምን ይጎዳል? ግን ዛሬ መለካት ካልጀመረ አይደርስም።